የአስር ዓመቱ ታላቅ ስፖርተኛ ማን ነው? ከ2010 እስከ 2019 ብቻ

የመጨረሻው_ዙር

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ በሆዴ ይዤው ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፤ ዛሬ ላውጣው። ከ2010 እስከ 2019 ባሉት አስር ዓመታት በዓለም ላይ ታላቁ ሊባል የሚገባው ስፖርተኛ ማን ነው? ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። ውድድሮቹም ሪከርዶቹም የሚታወቁት በዚያ ስለሆነ እንዳንምታታ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። አጥሩን እናክብር። ከ2010 በፊት የተሠራ አይቆጠርም፣ ከ2019 በኋላ የተሠራም አይቆጠርም። የዘመናት ሁሉ ታላቅ ማን ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። እሱ ውስጥ ከገባን መውጫው ይጠፋናል።

የኔ መልስ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ነው። በ2003 ፓሪስ ላይ ገና በ18 ዓመቱ ኤል ገሩዥንና ቀነኒሳን ቀድሞ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያ ከአጥሩ ውጭ ነው፣ ተዉት። እኔ የምነሳው ከ2012 ነው። በዚያ ዓመት ለለንደን ኦሊምፒክ የኬንያ ቡድን ውስጥ መግባት አልቻለም። በትራክ ያለቀለት ይመስል ነበር። በዓመቱ ሃምቡርግ ሄዶ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጠና አሸነፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ 2019 ድረስ በይፋዊ ውድድር 12 ማራቶን ሮጦ 11ዱን አሸንፏል። የተሸነፈው አንዴ ብቻ ነው፣ 2013 በርሊን ላይ። ያን ቀንም ዊልሰን ኪፕሳንግ 2:03:23 ገብቶ የዓለም ሪከርድ ሰብሮ ነው የቀደመው።

ማራቶን እኮ እንደሌላው ውድድር አይደለም። ሆድ ሊረብሽህ ይችላል፣ ነፋስ ሊነሳ ይችላል፣ 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግርህ ድንገት አልታዘዝም ሊልህ ይችላል፣ ታላላቆቹም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚሮጡ አንዱን ካበላሸህ የዓመትህ ግማሽ ሄደ ማለት ነው። በዚህ ውስጥ 11 ለ 1። በ2018 በርሊን ላይ 2:01:39 ሲገባ የዴኒስ ኪሜቶን ሪከርድ በ78 ሰከንድ ነው ያሻሻለው። የማራቶን ሪከርድ ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚሻሻለው በጥቂት ሰከንዶች ነው። እኔ ያን ውድድር ቆሜ ነው ያየሁት። መቀመጥ አልቻልኩም።

እናንተስ?

ፊሽካ

ርዕሱ ላይ «ስፖርተኛ» ማለትህ ጥሩ ነው። እኛ አትሌት ሲባል ሯጭ ነው የሚታየን፣ ሌላው ዓለም ግን ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹንም ዋናተኛውንም በአንድ ቃል ይጠራል። አትሌት ብለህ ብትጽፍ ኖሮ ግማሹ ሰው ስለ ሩጫ ብቻ ያወራ ነበር።

ለማንኛውም የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ የአስር ዓመቱ ምርጥ ብሎ ከሴቶች ሴሬና ዊሊያምስን፣ ከወንዶች ሊብሮን ጄምስን መርጧል። ሊብሮን ከ2011 እስከ 2018 በተከታታይ ስምንት ጊዜ ለኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ ደርሷል። ስምንት! ቡድን ቀይሮ፣ ተመልሶ፣ ከተለያዩ ተጫዋቾች ጋር። 2016 ላይ ደግሞ በፍጻሜው ጨዋታዎች 3 ለ 1 ከተመራ በኋላ በመደበኛው የውድድር ዘመን 73 ጨዋታ ያሸነፈውን ጎልደን ስቴትን ገልብጦ ዋንጫውን ወሰደ።

መብረቅ

ቦልት ያልተነሳበት የአስር ዓመት ወሬ አይገባኝም። ለንደን 2012፦ በ100 ሜትር 9.63፣ በ200 ሜትር 19.32፣ ዱላ ቅብብሉ 36.84 የዓለም ሪከርድ። ሞስኮ 2013 ሦስት ወርቅ። ቤጂንግ 2015 ሦስት ወርቅ። ሪዮ 2016 ሦስት ወርቅ። ቤጂንግ ላይ ጋትሊን ዓመቱን ሙሉ ፈጣኑ ሰው ሆኖ ከርሞ ነው የመጣው፣ ሁሉም ሰው የቦልት ጊዜ አበቃ እያለ ነበር፣ እሱ ግን 9.79 ገብቶ በ0.01 ሰከንድ ቀደመው። በጣም ስለፈጠነ ብቻ አይደለም እኮ፤ ቀኑ ሲደርስ ስለማይሸነፍ ነው።

ኪፕቾጌን አከብራለሁ ወንድሜ፣ ግን በዓለም ሻምፒዮና አንድ ማራቶን ሮጦ ያውቃል? አያውቅም።

ቁጥር_ይናገር

@መብረቅ እኔም ቦልትን እወዳለሁ፤ ግን አጥሩን ይዘን ከሄድን የዓለም ሪከርዶቹ 9.58 እና 19.19 የተሮጡት ነሐሴ 2009 በርሊን ላይ ነው። ከአጥሩ ውጭ ናቸው። ስሙን ያገነኑት ሁለቱ ቁጥሮች ማለት ነው። ከዚያ 2011 ዴጉ ላይ በ100 ሜትር ፍጻሜ ከተኩሱ በፊት ተነስቶ ተሰናበተ፣ 2017 ለንደን ላይ ደግሞ ከጋትሊንና ከኮልማን ኋላ ሦስተኛ ወጣ። የጀመረውም የጨረሰውም በሽንፈት ነው።

@የመጨረሻው_ዙር ስለ ጫማው ምንም አላልክም። የካርቦን ሳህን ያለው ወፍራም ጫማ የማራቶንን ሰዓት ሁሉ ለወጠው። 12 ጥቅምት 2019 ቪየና ላይ ኪፕቾጌ ማራቶኑን 1:59:40 ሲገባ 41 አሯሯጮች እየተፈራረቁ ከነፋስ ከልለውት፣ ከፊት መኪና በሌዘር መንገድ እያሳየው ነው። በማግስቱ ብሪጂድ ኮስጌይ ቺካጎ ላይ 2:14:04 ገብታ ከ2003 ጀምሮ ማንም ያልነካውን የፖላ ራድክሊፍን የሴቶች ማራቶን ሪከርድ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆረጠችው። በሁለት ቀን ውስጥ! ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጥር 2020 ላይ፣ የዓለም አትሌቲክስ የሶሉን ውፍረት 40 ሚሊ ሜትር ላይ ገደበ። ስለዚህ ከ78 ሰከንዱ ውስጥ ስንቱ የሰውየው ነው፣ ስንቱ የጫማው ነው?

መብረቅ

@ቁጥር_ይናገር እሺ በርሊንን አውጣው። ለንደን 2017ንም እንደፈለግህ ጻፈው። እስቲ የቀረውን ቁጠር። 2011 ሁለት፣ 2012 ሦስት፣ 2013 ሦስት፣ 2015 ሦስት፣ 2016 ሦስት። 14 ወርቅ። ኦሊምፒክና የዓለም ሻምፒዮና ብቻ፣ አጥሩ ውስጥ ብቻ። ሌላ ሯጭ አምጣልኝ።

አረንጓዴ_መለያ

ሞ ፋራህ ይቀርባል፣ በአጥሩ ውስጥ 10 የኦሊምፒክና የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አለው። ግን የሱን ዘመን ደጃፍ የያዙት የኛ ልጆች ናቸው። 2011 ዴጉ ላይ በ10,000 ሜትር ኢብራሂም ጄይላን በመጨረሻው ቀጥታ ላይ አለፈው፣ 2017 ለንደን ላይ ደግሞ በገዛ ሕዝቡ ፊት ሙክታር እድሪስ በ5,000 ቀደመው። እነዚህን ሁለት ሩጫዎች እስካሁን ደጋግሜ አያለሁ።

እኔ ግን ልጠይቅ የመጣሁት ስለ አልማዝ አያና ነው። ሪዮ ላይ በ10,000 ሜትር 29:17.45። ዋንግ ጁንሺያ በ1993 ያስመዘገበችውን፣ ሰው ሁሉ አይነካም ብሎ የተወውን ሪከርድ በ14 ሰከንድ ነው የሰበረችው። በ2017 ደግሞ በዚያ ዓመት አንድም ውድድር ሳትሮጥ ለንደን ገባችና በ10,000 ሜትር ጥሩነሽን በ46 ሰከንድ ጥላት ሄደች። ጥሩነሽ ዲባባን እኮ ነው! እንዲህ ያለ ብቃት በሴቶች 10,000 አይቼ አላውቅም።

የመጨረሻው_ዙር

@አረንጓዴ_መለያ ያን የሪዮ ሩጫ እኔም አልረሳውም። ግን ጥያቄው የአስር ዓመት ነው። የአልማዝ ጫፍ ከማንም በላይ ነበር፣ ጉዳቱ ግን ዕድሜ አልሰጠውም። ቢያምም እንዲህ ነው የማየው።

@ቁጥር_ይናገር ስለ ቪየና ልክ ነህ። ውድድር አልነበረም፣ እንደ ውጤት አልቆጥረውም፣ ለዚያም ነው መጀመሪያ ላይ ያልጻፍኩት። ስለ ጫማው ግን አንድ ነገር ልበል። 2015 በርሊን ላይ የሁለቱም እግሩ የውስጥ ሶል ከጫማው ወጥቶ በጎን እየተንጠለጠለ ነው የሮጠው። ከተጀመረ ትንሽ እንደቆየ ጀምሮ እስከ መጨረሻው እንደዚያው ሆኖ 2:04:00 ገብቶ አሸነፈ። ጫማው ከድቶት ያሸነፈን ሰው ጫማው ነው ያሸነፈው ማለት ይከብደኛል። ደግሞ 2014 ሮተርዳምና ቺካጎ፣ 2015 ለንደን፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያ ጫማ በፊት ናቸው።

@መብረቅ 14 ወርቁ ላይ መልስ የለኝም። እውነቴን ነው፣ ላስብበት።

መረብ_ላይ

ሴሬናን በአንድ መስመር አልፋችሁ ሄዳችሁ። እኔ እሷን ሳልጽፍ አልወጣም።

በነዚህ አስር ዓመታት ብቻ 12 ግራንድ ስላም (ከአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች) በነጠላ። ግን ቁጥሩን ለጊዜው ተዉትና የሆነውን እዩ። በ2011 መጀመሪያ ሳንባዋ ውስጥ ደም ረጋ። ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነበር። በ2012 ዊምብልደንን ወሰደች፣ በዚያው ሜዳ ላይ በኦሊምፒኩ ፍጻሜ ማሪያ ሻራፖቫን 6 ለ 0 እና 6 ለ 1 አሸነፈች። ፍጻሜ እኮ ነው። ከዚያ 186 ሳምንት ያለማቋረጥ የዓለም ቁጥር አንድ ሆነች። በ2017 አውስትራሊያን ነፍሰ ጡር ሆና አሸነፈች። አንድም የጨዋታ ክፍል (set) አልተነጠቀችም፣ በፍጻሜው የገጠመችው ደግሞ የገዛ እህቷን ነበር። ስትወልድ ደሙ እንደገና ረጋ፣ ሞት አፋፍ ደርሳ ተመለሰች። ከዚያ በ36 እና በ37 ዓመቷ ለአራት የግራንድ ስላም ፍጻሜዎች ደረሰች።

አራቱንም ተሸነፈች ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። እኔ ግን እነዚያን አራት ፍጻሜዎች ከድሎቿ እኩል ነው የምቆጥራቸው። ልጅ ወልዳችሁ የምታውቁ እህቶች ይገባችኋል። ሰውነት ወደነበረበት አይመለስም ሲሉን ያደግን ነን፣ እሷ ደግሞ በዓለም ፊት ተመልሳ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ቆመች።

አስር_ቁጥር

ሜሲ በ2012 ብቻ 91 ጎል አግብቷል። ገርድ ሙለር በ1972 ያገባው 85 ለአርባ ዓመት ቆሞ ነበር። በዓለም በብዛት የሚዘወተረው ስፖርት እግር ኳስ ነው፤ በየመንደሩ የማይጫወት ልጅ የለም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንደኛ መውጣትን ከሌላው ስፖርት አንደኝነት ጋር እንዴት እኩል ታዩታላችሁ? ውድድሩ የትኛው ጋ ነው የከበደው?

ፊሽካ

@አስር_ቁጥር ሮናልዶስ? 2014፣ 2016፣ 2017፣ 2018 ሻምፒየንስ ሊግ። ከአውሮፓ ዋንጫ ጋር።

ቁጥር_ይናገር

እሱ ነው ችግሩ። ከ2010 እስከ 2017 ባሎን ዶርን ከሁለቱ በቀር የነካው የለም። ሜሲ በአጥሩ ውስጥ አምስት ወሰደ፣ ሮናልዶ አራት። ዘመኑን ለሁለት ተካፈሉት። በወንዶች ቴኒስም እንደዚሁ ነው፣ ጆኮቪች 15 ግራንድ ስላም፣ ናዳል 13። አንዱን የአስር ዓመቱ ታላቅ ካልክ አጠገቡ የቆመው ሰው «እኔስ?» ይላል።

መረብ_ላይ

@ቁጥር_ይናገር አልስማማም! ተፎካካሪ መኖሩ እንዴት ዋጋ ይቀንሳል? ጆኮቪች ከፌዴረርና ከናዳል ጋር በአንድ ዘመን ባይወለድ ኖሮ ይህን ያህል ባልበረታ ነበር። 2019 ዊምብልደን ላይ ፌዴረር ሁለት ጊዜ ለዋንጫው አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶት ነበር። ጆኮቪች ሁለቱንም አተረፈና አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ በቀረው ጨዋታ አሸነፈ። ያን ጀግንነት ለማየት ማዶ ላይ ፌዴረር መቆም ነበረበት። ብቻውን የሚያሸንፍ ሰው እኮ ምናልባት ሌሎቹ ደካማ ስለሆኑ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው_ዙር

ይሄ ነው ዋናው ነገር መሰለኝ። ብቻውን ርቆ የሄደው ይበልጣል ወይስ ታላላቆችን ታግሎ የጣለው? እኔ ኪፕቾጌን ስመርጥ ብቻውን ርቆ ስለሄደ ነው፣ ግን @መረብ_ላይ ያለችው ጥያቄ ይቀራል። ርቀቱ የሱ ኃይል ነው ወይስ የሌሎቹ ድካም? በምን እንለየዋለን?

የድሮ_መምህር

ልጆች፣ ለብዙ ዓመት የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ክርክራችሁን ደስ እያለኝ ሳነብ ቆየሁና ሁለት ስም ላክልላችሁ ፈለግሁ፣ ሁለቱንም ማንም አላነሳቸውም።

የመጀመሪያው ፈረንሳዊው የጁዶ ሰው ቴዲ ሪነር ነው። በመስከረም 2010 አንድ ውድድር ተሸነፈ። ቀጥሎ የተሸነፈው በየካቲት 2020 ነው። በመካከሉ 154 ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ፣ የለንደንንና የሪዮን ኦሊምፒክ ወርቅ ጨምሮ። ከዚያች አንድ ሽንፈት በኋላ የናንተን አጥር እስከ ዳሩ ሳይሸነፍ የተሻገረ ሰው ነው። ጁዶን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በጁዶ አንድ ቅጽበት ከተዘናጋህ፣ ተጋጣሚህ ልብስህን በደንብ ከያዘና በጀርባህ ካሳረፈህ፣ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ነጥብ ሰብስበህ የምትመለስበት ዕድል የለም። እሱ ላይ ይህ አንዴ ሳይደርስ ከዘጠኝ ዓመት በላይ አለፈ።

ሁለተኛዋ ኖርዌያዊቷ የበረዶ ሸርታቴ ሯጭ ማሪት ቢዮርገን ናት። በ2010፣ በ2014 እና በ2018 የክረምት ኦሊምፒኮች 13 ሜዳሊያ ወሰደች፣ ስምንቱ ወርቅ ናቸው። በመካከሉ ልጅ ወልዳለች። የመጨረሻውን ወርቅ በ30 ኪሎ ሜትር ስታገኝ 37 ዓመቷ ነበር። እኛ በረዶ ስለማናይ አናውቃትም እንጂ፣ ለአስር ዓመት የተሰፋ ልብስ ቢኖር የሷን ልክ ነው የሚሆነው።

የመጨረሻው_ዙር

@የድሮ_መምህር ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ስለ ሪነር 154 የሚለውን ቁጥር ሳነብ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፣ ሪነር ብዙ ጊዜ አይወዳደርም ነበር ይባላል። ከ2017 መጨረሻ እስከ ሐምሌ 2019 ጨርሶ አልታየም። ይህ ከክብሩ አይቀንስም?

የድሮ_መምህር

ትንሽ ይቀንሳል፣ አልክድም። ግን ያንተም ሰው በዓመት ሁለቴ ነው የሚሮጠው ልጄ።

ጣውላዋ

እስካሁን የአሜሪካዊቷን ጂምናስት የሲሞን ባይልስን ስም የጻፈ ሰው አጣሁ። መጨረሻ ላይ ስለመጣሁ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፣ ታገሱኝ።

ልጅ እያለሁ አራት ዓመት ጂምናስቲክ ሠርቻለሁ። ጥሩ አልነበርኩም ግን ሚዛን ጠብቀን የምንሠራባትን ጣውላ አውቃታለሁ። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 5 ሜትር ርዝመት፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ25። ላይዋ ላይ ስትቆሙ እግራችሁ ጎን ለጎን አይበቃም። እኔ ወደ ኋላ መገልበጥን ጣውላዋ ላይ ለመሞከር ብቻ ወራት ፈጅቶብኛል፣ አሰልጣኟ እጇን ወገቤ ላይ አድርጋ እንኳ ልቤ ይመታ ነበር። ሲሞን ባይልስ በ2019 ከዚያች ጣውላ ስትወርድ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ተገልብጣ ሁለት ጊዜ ተሽከረከረች። ያን ከዚያ በፊት በዓለም ውድድር ላይ ማንም ሠርቶት አያውቅም።

አሁን ቁጥሩ። ከ2013 ጀምሮ እስከ 2019 ድረስ በተወዳደረችባቸው አምስት የዓለም ሻምፒዮናዎችና በሪዮ ኦሊምፒክ፣ አራቱንም መሣሪያ የሚያጠቃልለውን ውድድር ሁሉንም አሸንፋለች። ሁሉንም። 25 የዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ፣ 19ኙ ወርቅ። በወንድም በሴትም ያን ያህል ያለው ጂምናስት አልነበረም። ሪዮ ላይ አራት ወርቅና አንድ ነሐስ፣ ነሐሱም ጣውላዋን በእጇ ስለነካች ነው።

@የመጨረሻው_ዙር «ርቀቱ የሷ ኃይል ነው ወይስ የሌሎቹ ድካም» ብለህ ጠይቀህ ነበር። ይኸውልህ መልሱ። ሪዮ ላይ ሁለተኛ የወጣችውን አሊ ራይስማንን በ2.1 ነጥብ ነው የበለጠቻት። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽቱትጋርቱ የዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛዋ ሌላ ሰው ነበረች፣ ቻይናዊቷ ታንግ ሺጂንግ፣ ልዩነቱ ግን አሁንም 2.1 ነው። ሌሎቹ ተቀያየሩ፣ አዳዲስ ልጆች መጡ፣ ልዩነቱ ግን አልጠበበም። ጂምናስቲክ ብዙ ጊዜ በነጥብ ክፍልፋይ ነው የሚወሰነው። ወድቀሽ ብትነሺ የሚቀነስብሽ አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ 2.1 ማለት ሁለት ጊዜ ወድቃም ታሸንፋለች ማለት ነው። ይህን በሐሳብ አይደለም የምለው፣ 2018 ዶሃ ላይ ሆኗል። በማጣሪያው ዋዜማ የኩላሊት ጠጠር ይዟት ሆስፒታል ገባች። ከዚያ ወጥታ ተወዳደረች። በፍጻሜው ከዝላዩ መሣሪያ ስታርፍ ወደቀች፣ ከጣውላዋም ወደቀች። አሸነፈች። በ1.693።

መብረቅ

@ጣውላዋ በደንብ ነው የጻፍሽው እህቴ። ግን ጂምናስቲክ ዳኛ ነጥብ የሚሰጥበት ስፖርት ነው። መቶ ሜትር ላይ ሰዓቱ ነው የሚፈርደው፣ ማንም አይከራከርም።

ጣውላዋ

@መብረቅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነጥቡ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነው የሚሰጠው። አንዱ የሠራሽው እንቅስቃሴ ምን ያህል ከባድ ነው የሚል ነው፣ ይህ አስቀድሞ በሰንጠረዥ ተጽፎ ያለ ነው፣ ዳኛው ስለወደደሽ አይጨምርልሽም። ሌላው ምን ያህል አጥርተሽ ሠራሽው የሚል ነው። የሷ ርቀት በአብዛኛው የሚመጣው ከመጀመሪያው ነው፣ ሌሎች የማይሞክሩትን ስለምትሠራ።

እዚህ ላይ እስካሁን የሚያንገበግበኝን ነገር ልንገራችሁ። ያን ከጣውላዋ የምትወርድበትን እንቅስቃሴ ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን በ2019 ዋጋ ሲሰጠው ሆን ብሎ ዝቅ አደረገው። ምክንያታቸው ሌሎች ልጆች ነጥቡን ፈልገው ሲሞክሩት አንገታቸው እንዳይሰበር ነው። አሳባቸው ይገባኛል፣ እኔም ከዚያች ጣውላ ወድቄ አውቃለሁ። ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስፖርቱ ራሱ «አንቺ የምትሠሪውን ሌላው ሊከተል አይችልምና ሙሉ ዋጋውን አንሰጥሽም» አላት። እሷም ሽቱትጋርት ላይ ያንኑ ሠራችው፣ ሙሉ ዋጋ እንደማይሰጧት እያወቀች። አሁን በስሟ ተመዝግቧል። በዚያው ሻምፒዮና ወለል ላይ ሁለት ጊዜ ተገልብጣ ሦስት ጊዜ የምትሽከረከርበትንም አስመዘገበች። በ2019 መጨረሻ አራት እንቅስቃሴዎች በስሟ ይጠሩ ነበር።

ይህ ሁሉ ደግሞ በምን መካከል እንደሆነ እንዳትረሱ። በጥር 2018 የብሔራዊ ቡድኑ ሐኪም ከበደላቸው ልጆች አንዷ መሆኗን ለዓለም ተናገረች። በዚያው ዓመት ተመልሳ አሸነፈች። በአሜሪካ ጂምናስቲክ አስተዳዳሪዎች ላይም ድምጿን አሰማች። በጥር ስትናገር 20 ዓመቷ ነበር።

ቁጥር_ይናገር

ከ2010 እስከ 2012 ግን በአዋቂዎች ውድድር ላይ አልነበረችም። በ2017ም አርፋለች። የአስር ዓመት ታላቅ ለማለት የተወዳደረችው ስድስት ዓመት ነው።

የመጨረሻው_ዙር

@ቁጥር_ይናገር የኪፕቾጌም ማራቶን ከ2013 ነው የሚጀምረው። ለሱ የፈቀድኩትን ለሷ ልከለክል አልችልም።

ሁለት ቀን ዝም ብዬ የቆየሁት ጣውላዋ የጻፈችውን ይዤ ቪዲዮዎቹን ሳይ ስለነበር ነው። እውነት ለመናገር ጂምናስቲክን በኦሊምፒክ ጊዜ ብቻ ነበር የማየው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሜ ቆምኩ፣ ሽቱትጋርት ላይ ከጣውላዋ የወረደችበት ላይ። ልክ ከማረፏ በፊት ያለውን ፍጥነቱን በጣም ዝቅ አድርጌ በዝግታ አየሁት። ሁለተኛው ግልባጭ ሲያልቅ ገና ከመሬት ከፍ ብላ ነው ያለችው፣ ጊዜ ተርፏታል። ያ ነው የገረመኝ።

ሁልጊዜ ኪፕቾጌን የምወደው ሰው ይችላል ተብሎ የታሰበውን ድንበር ስለገፋ ነበር። ግን ድንበሩን ሲገፋ ሁላችንም አብረን እየገፋን ነበር። አሯሯጭ፣ ጫማ ሠሪ፣ ሳይንቲስት፣ ተመልካች፣ ሁሉም ከኋላው ነበር። እሷ ድንበሩን ስትገፋ የስፖርቱ ባለቤቶች ቆይ አሏት፣ እሷ ግን ሄደች። ይህን ካየሁ በኋላ ዝርዝሬን እንደነበረ መተው አልቻልኩም። ሲሞን ባይልስ አንደኛ፣ ኪፕቾጌ ሁለተኛ። ሦስተኛ ቦልት፣ መብረቅ ስለ 14ቱ ወርቅ ልክ ስለሆነ። ሴሬናን አራተኛ ስጽፍ እጄ ከብዶታል።

መረብ_ላይ

አራተኛ?! ሌላ ሁለት ቀን ቪዲዮ ማየት ያስፈልግሃል። የ2012ን የኦሊምፒክ ፍጻሜ ከመጀመሪያው ጀምረህ እይልኝ፣ ከዚያ እናወራለን።

መብረቅ

እኔ አልተቀየርኩም፣ ቦልት ነው። ግን የዶሃውን አሁን አየሁት። ከጣውላዋ ወድቃ ስትነሳ ፊቷን አያችሁት? ምንም እንዳልሆነ ሰው ነው ተመልሳ የወጣችው።

የድሮ_መምህር

የሽቱትጋርቱን ዛሬ ማታ ከልጅ ልጄ ጋር አያለሁ፣ እሷም ጂምናስቲክ ጀምራለች። ነገ ተመልሼ ስለ ሪነር እጽፍላችኋለሁ፤ የሪዮውን ፍጻሜ ያየ ሰው ካለ እስከዚያ ድረስ አሳቡን ያስቀምጥልኝ።